በጉለሌ አቀበት በአሮጌ ሞተሮች ላይ የሚታይ የዘይትና የውሃ ፍሳሽ፤ ምንጩ እንዴት እንደሚፈለግ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለአሮጌ ሞተር ከባድ ፈተና መሆኑን በጉለሌ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። በአቀበቱ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት ተከቦ የቆመ አውቶሞቢል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰው ይህንን የእርጅና ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሞተር ስላረጀ ብቻ አይፈላም፤ ስላረጀ ብቻም ዘይት አያፈስም። የሚያፈስበት የታወቀ ቦታና የታወቀ ምክንያት አለው፤ ቦታውም በሥርዓት ከተፈለገ ይገኛል። በሥርዓት ሳይፈለግ የሚደረገው ጥገና አንዱን ዕቃ እያወጡ ሌላውን እየገዙ መሞከር ስለሆነ፣ ባለመኪናውን በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ በኋላም ሞተሩን ያሳጣዋል።

ጉዳዩ ለምርምር መጽሔት የማይመጥን ተራ የጋራዥ ወሬ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ላዳ፣ ሕዝቡ «ዲኤክስ» የሚለው የቶዮታ ኮሮላ፣ በናፍጣ የሚሠራው ሚኒባስ፣ እነዚህ ሁሉ ከተሠሩ ብዙ ዓመት ያለፋቸው ሲሆኑ በየቀኑ ሰው እየጫኑ አቀበት ይወጣሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለ አሮጌ ሞተር ቢነክስ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ከጥቂት ሳንቲም የጎማ ቀለበት የተነሣ የሚቃጠል ሞተር የአንድን ሾፌር ቤት ይዘጋል።

ወደ ፍለጋው ከመግባታችን በፊት የቦታው ከፍታ የሚያመጣውን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በመኪና መጻሕፍት የሚገኘው ትምህርት ለባሕር ወለል አገሮች የተጻፈ ስለሆነ ይህንን አይነግረንም። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ከፍ ይላል፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በባሕር ወለል ላይ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ1 ኪሎ ትንሽ በሚበልጥ ክብደት ሲጫን፣ በሽሮ ሜዳ የሚጫነው ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው የላዩ ግፊት በፈቀደለት መጠን ስለሆነ፣ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በሽሮ ሜዳ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ፣ በእንጦጦ አናት ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህንን በእንጦጦ ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ በልምድ ታውቀዋለች፤ እህሉ ቶሎ አይበስልላትም።

አሁን ሞተሩን እንመልከት። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር በደኅና የሚሠራው ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ቴርሞስታቱ ራሱ መከፈት የሚጀምረው በብዙ ሞተሮች ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ በጉለሌ ክፍት በሆነ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ፣ ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ሞላ ያለው ሲሆን፣ በላዩ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን በውጭ ካለው አየር በላይ በካሬ ሴንቲሜትር የ0.9 ኪሎ ግፊት እስኪጠራቀም ድረስ አይከፈትም። ይህ ግፊት ሲጨመር በሽሮ ሜዳ ያለው ውሃ የሚፈላው በ114 ዲግሪ ግድም ይሆናል። ባለመኪናው ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ ያገኘው ከራዲያተሩ ሳይሆን ከክዳኑ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የጽሑፉ ዋና ቁም ነገር ነው። በከፍታ ቦታ ፍሳሽ ከውሃው አስቀድሞ የሚያሳጣው ግፊቱን ነው። በማኒኮቶው ጫፍ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ስንጥቅ በቀን ግማሽ ሲኒ ውሃ እንኳ ላታፈስ ትችላለች፤ ነገር ግን ግፊቱ እንዳይጠራቀም ስላደረገች የመፍያውን መጠን ከ114 ወደ 92 ታወርደዋለች። ራዲያተሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ይፈላል። ይኸው መኪና በአዋሽ ወይም በድሬዳዋ ሜዳ ያለ ችግር ሲሄድ ቆይቶ ጉለሌ ሲደርስ ቢያስቸግር ምሥጢሩ ይህ ነው። በዚህ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሾፌሩ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኸ በዝግታ ይወጣል፤ በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈው ነፋስም ከመሳሳቱ በተጨማሪ ያንሳል። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ114 ዲግሪ የታመቀ ውሃ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ወዲያው ወደ 92 መውረድ አለበት፤ ትርፉ ሙቀት ከውሃው የተወሰነውን ክፍል በአንድ ጊዜ እንፋሎት ያደርገዋል። 5 ሊትር ውሃ ቢሆን 200 ግራም ያህሉ ይተናል፤ ይህም በጉለሌ አየር ከ400 ሊትር በላይ ቦታ የሚይዝ እንፋሎት ነው፤ ሁለት በርሜል ማለት ነው። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ክዳን መክፈት ጀግንነት አይደለም። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ መጠበቅ ይገባል።

ስለ ጋራዡ ቋንቋም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምበት እርሱን ነውና። መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ የወረሷቸው ቃላት ብዙ ናቸው። የሞተሩ ራስ ቴስታታ ወይም ባጭሩ ቴስታ ነው፤ በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን፣ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚከለክለው ቀለበት ፓራውሊዮ፣ የውሃው የጎማ ቧንቧ ማኒኮቶ፣ እርሱን የሚያጠብቀው ቀለበት ፋሼታ ይባላሉ። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ኮፓ ሲሆን በጣልያንኛ ጽዋ ማለት ነው፤ ማኒኮቶም ከእጅጌ የመጣ ቃል ነው። ቃሎቹ በዘልማድ የተያዙ ቢሆኑም ትርጉማቸውን ለሚያውቅ ሰው የዕቃውን ሥራ በትክክል ይናገራሉ።

ፍለጋው የሚጀመረው ከመፍታት ሳይሆን ከማጠብ ነው። የዓመታት አቧራና ዘይት የጋገረበት ሞተር ላይ አዲሱን ፍሳሽ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂት ናፍጣና ብሩሽ ቅባቱን አላቅቆ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል፤ በላቫጆ በኃይለኛ ውሃ የሚታጠብ ከሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ፣ ይልቁንም ዲናሞውና የካንዴላ ገመዶቹ፣ በላስቲክ መሸፈን አለባቸው። ከዚያም እንዲደርቅ ይተዋል።

ሁለተኛው እርምጃ በተማሪ ቤት በብዛት በሚገኝ ነገር የሚሠራ ነው። ጠመኔ በደንብ ተፈጭቶ በጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ፣ በተጠረጠረው የሞተር ጎን ላይ መታ መታ እያደረጉ መበተን ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሳይነዳ ለአንድ ሩብ ሰዓት ይሠራል። ነጩ ዱቄት ላይ የሚወጣው ዘይት ጥቁር መንገድ ይሠራል፤ የመንገዱ የላይኛው ጫፍ ምንጩ ነው። ልብ መባል ያለበት «የላይኛው» የሚለው ቃል ነው። ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው መሬት ላይ የወደቀበት ቦታ ከምንጩ በታችና በስተኋላ ነው፤ ፈላጊው መሄድ ያለበት ወደ ላይና ወደ ፊት ነው።

የዚህ ሕግ መዘንጋት የሚያስከትለውን ጉዳት ለማየት አንድ የተለመደ ነገር እንውሰድ። ዘይት በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ በኩል ሲንጠባጠብ፣ «የኋላ ፓራውሊዮ ሄዷል» ይባላል። ይህንን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑም መፈታት አለበት፤ ሥራው የአንድ ሙሉ ቀን ነው። ነገር ግን በብዙ አሮጌ ሞተሮች ዘይቱ የሚመጣው ከቫልቮቹ ክዳን የኋላ ጠርዝ ነው። በዚያ ያለው ጓርኒሲዮን ደርቆ ሲሰነጠቅ ዘይቱ በቴስታው ጀርባ፣ ዓይን በማያይበት በኩል ወርዶ በዚያው መጋጠሚያ ላይ ይንጠለጠላል። ጣትን በቴስታው ጀርባ ማስገባትና መዳሰስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ጣቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው ስለ ፓራውሊዮ መናገር የሚገባው። ያን ጊዜም ቢሆን የካምቢዮ ዘይት እንዳይሆን ማሽተት ያስፈልጋል፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የድኝ ዓይነት ጠረን ያለው ሲሆን፣ የሞተር ዘይት ጥቁርና የተቃጠለ ሽታ ያለው ነው።

የዘይት ፍሳሽ የሚበዛባቸው ሌሎች ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የዘይት ቡልቦ፣ የቤንዚን ፖምፓው ከሞተሩ ጎን የሚታሰርበት ጓርኒሲዮን፣ የዘይት ማጣሪያው፣ የኮፓው ዙሪያ፣ የፊተኛው ፓራውሊዮ። ማጣሪያው ገና ከተለወጠ በኋላ የጀመረ ፍሳሽ ከሆነ አሮጌው የጎማ ቀለበት በቦታው ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ታስሮ እንደ ሆነ መመልከት ነው።

እነዚህን ሁሉ ለውጦ ዳግመኛ የሚያፈስ ሞተር ሲያጋጥም ግን ጥፋቱ በማሸጊያዎቹ ላይ አይደለም። በፒስቶኖቹ ጎን የሚያመልጥ ጋዝ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል፤ አዲስ ሞተርም ቢሆን ጥቂት ያመልጠዋል። ይህ ጋዝ እንዲወጣ የተሠራ የመተንፈሻ ቱቦ አለ። ቱቦው በአቧራና በጥቀርሻ ሲደፈን፣ ወይም ፋሻዎቹ አልቀው ጋዙ ሲበዛ፣ በሆዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ዘይቱን በደከመው ቀለበት በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። መካኒኮች «ትንፋሽ አብዝቷል» የሚሉት ይህንን ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ተነሥቶ በአፉ ላይ ብጣሽ ወረቀት ይደረጋል። ወረቀቱ በኃይል ቢነሣ መተንፈሻውን ማጽዳት፤ ከጸዳም በኋላ ቢነሣ የፒስቶኖቹን እመቃ ማስለካት ይገባል። መተንፈሻውን ሳያዩ ፓራውሊዮ መለወጥ የጣራውን ቀዳዳ ትቶ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

በዚህ ረገድ በየጋራዡ የተስፋፋውን ሲሊኮን ያለ ልክ የመቀባት ልማድ አልደግፈውም። ሲሊኮን በቦታው ጥሩ ነገር ነው። በጣት እየተዛቀ በኮፓው ጠርዝ ሲደረደር ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እየተቆረጠ በዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ የዘይት ፖምፓውን የመሳቢያ ወንፊት ይዘጋል። ውጭውን አድርቆ ውስጡን በጥማት የሚገድል ጥገና ይሆናል።

የውሃው ፍለጋ ከዘይቱ ይልቅ ብልሃት ይጠይቃል፤ ውሃ ይተናልና አሻራው ቶሎ ይጠፋል። ጋለ ባለ ብረት ላይ የወደቀ ጠብታ መሬት ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው እርጥበቱ ሳይሆን ደርቆ የቀረው ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ ቅርፊት ነው። ኩላንት የሚጠቀም መኪና ከሆነ ቅርፊቱ የኩላንቱን አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ይይዛል።

ከሁሉ የሚሻለው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግፊት ሰጥቶ መመርመር ነው። ለዚህ የተሠራ የእጅ ፖምፓ ከነሰዓቱ አለ፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ታስሮ በክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው መጠን፣ ከዚያም ሳያልፍ፣ ይነፋል። መሣሪያው በሌለበት አሮጌ ክዳን ተበስቶ የጎማ ቫልቭ ከተበየደበት የግፊት መለኪያ ያለው የብስክሌት ፖምፓ ይሠራል። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። መርፌው ሳይወርድ ከቆየ የሚታየው የውሃ መንገድ ሁሉ ደኅና ነው። ከወረደ የሚያፈሰው ቦታ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ በዓይን ይታያል። የሚፈለግበት ቦታ ማኒኮቶዎቹ ፋሼታ ሥር የሚገቡበት ጫፍ፣ የራዲያተሩ ታንክና ቱቦዎች የሚጋጠሙበት መስመር፣ በሞተሩ ጎን ያሉት ክብ የብረት ታፖዎች፣ ማሞቂያ ላለው መኪና ደግሞ በእግር በኩል ያለው ምንጣፍ ነው።

የውሃ ፖምፓው ብቻውን ሊነገርለት ይገባል። ከዘንጉ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ሰው የፋብሪካ ስሕተት ወይም የብልሽት ቀዳዳ ትመስለዋለች። ሆነ ተብላ የተሠራች ናት። የፖምፓው ማሸጊያ ማለቅ ሲጀምር ውሃው ወደ ኩሽኔታው ገብቶ ሳያበላሸው በእርሷ በኩል ወጥቶ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ነው። እርሷን በሲሊኮን የደፈነ ሰው ፍሳሹን አላቆመም፤ ኩሽኔታው ተሰብሮ ቬንቲላተሩ ራዲያተሩን እስኪቀደው ድረስ ቀን ገዝቷል።

በሽሮ ሜዳ አካባቢ ያየነው አንድ ዲኤክስ ከዚህ ሁሉ የሚለየውንና ብዙ ጊዜ የሚረሳውን ምክንያት ያሳያል። መኪናው በታክሲነት የሚሠራ ሲሆን በቀን ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ይጨመርበት ነበር። በቆመበት ካርቶን ቢነጠፍ አንድ ጠብታ አይገኝም። ባለቤቱ በየጊዜው በተሰጠው ምክር የውሃ ፖምፓውን ለወጠ፤ ቴርሞስታቱንም አስወጥቶ ጣለ፤ በመጨረሻ አንድ ጋራዥ «የቴስታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታው ወርዶ ሬቲፊካ ቤት መሄድ አለበት» አለው። ጥርጣሬው ከንቱ አልነበረም፤ ውጭ ሳይታይ የሚጠፋ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን የውስጥ ፍሳሽ የራሱ ምልክቶች አሉት። ጠዋት ሲነሣ ሞቆ እንኳ የማይጠፋ ነጭ ጭስ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ፣ በዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት። በዚህ መኪና ላይ አንዱም አልነበረም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ የነጣ ቅባት ብቻ ተገኘ፤ ይህ ብቻውን የጓርኒሲዮን ማስረጃ አይሆንም። አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ፣ ይልቁንም ቴርሞስታት የሌለው ሞተር፣ በብርዳማ ጠዋት በደንብ ስለማይሞቅ ከራሱ እንፋሎት የሚጠራቀም እርጥበት በክዳኑ ሥር ይነጣል።

ግፊት ሲሰጠው መርፌው ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ክዳኑ ራሱ ተፈተነ፤ 0.9 ላይ መከፈት የሚገባው ክዳን 0.3 ላይ ይለቅ ነበር። የሥሩ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሚተርፈውን ውሃ የሚቀበለው የፕላስቲክ ዕቃም ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰብሮ ስለ ተጣለ ቱቦው ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ነበር። እንግዲህ መኪናው ወደ እንጦጦ ሲወጣ ክዳኑ ያለ ጊዜው እየተከፈተ ውሃውን በመንገዱ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ ሲቆም ደግሞ የሚወጣ የለም፤ ስለዚህ ካርቶኑ ደረቅ ነው። አዲስ ክዳን፣ ከሌላ መኪና የተገኘ ዕቃ፣ እንደገናም ቴርሞስታት ገባለት። ምርመራው በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

ስለ ቴርሞስታቱ መመለስ አንዳንድ ሾፌሮች ይከራከራሉ፤ «ውሃው ያለ ከልካይ ቢዞር ይቀዘቅዛል» ይላሉ። ለአንድ ቀን ችግር እውነትነት አለው። ለዘለቄታው ግን ሞተሩ ቁልቁል ሲወርድ ከመጠን በላይ እየቀዘቀዘ፣ ሽቅብ ሲወጣ እየጋለ፣ ቴስታው በቀን ብዙ ጊዜ እንዲሰፋና እንዲጠብ ያደርገዋል። ከብረት ሞኖብሎክ ጋር የታሰረ የአሉሚኒየም ቴስታ፣ እንደ አሮጌው ዲኤክስ ማለት ነው፣ አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ስለሚሰፋ በመካከል ያለውን ጓርኒሲዮን የሚያደክመው ይህ ነው።

በአንጻሩ ፍሳሽ ሳይሆን ፍሳሽ የሚመስልም ነገር አለ። ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ሲሞቅ ከመቶ ሦስት እጅ በላይ ይሰፋል፤ 6 ሊትር የሚይዝ ሞተር 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይገፋል። ጠዋት እስከ አፉ የተሞላ ራዲያተር መቀበያ ዕቃ ከሌለው ያንን ውሃ ይደፋዋል። ማታ ያየው ባለቤት ጎደለ ብሎ ይሞላል፤ ነገም ይደፋል። ጠዋት የታችኛው ወይም የላይኛው ማኒኮቶ ተጣብቆ ከተገኘ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቫልቭ ተዘግታለች ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ አደገኛ የሆነውን ሾፌር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የሙቀት መለኪያው ቡልቦ የሚለካው የነካውን ነገር ነው። ውሃው ከቡልቦው በታች ሲወርድ በዙሪያው የሚቀረው አየርና እንፋሎት ስለሆነ፣ ሙቀትን እንደ ውሃ አያደርስለትም፤ መርፌው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በአቀበቱ መካከል መርፌው ከቀዩ ላይ በድንገት ሲወርድ «ተመስገን፣ በረደልኝ» ብሎ የሚቀጥል ሾፌር ቴስታውን የሚያጣምመው በዚያች ሰዓት ነው። በድንገት የወረደ መርፌ ከወጣ መርፌ ይልቅ ወዲያው መቆምን ይጠይቃል። ቆሞም ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መጨመር ብረቱን ይሰነጥቃል፤ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ግድ ነው።

የፎልክስዋገን ባለቤቶች ይህ ሁሉ አይመለከተንም ይሉ ይሆናል፤ አሮጌው ክብ ፎልክስዋገን በእርግጥ ውሃ የለውም። ነገር ግን በውሃ ፋንታ ዘይቱ የማቀዝቀዙን ሥራ ከነፋስ ጋር ይካፈላል፤ ያለውም ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በእርሱ ላይ የሚበዛው ፍሳሽ በሞተሩ ሥር በግራና በቀኝ ካሉት የመግፊያ ዘንግ ቱቦዎች ጫፍ ነው፤ የቱቦዎቹ ጎማ በሙቀት ይደርቃል። ዘይቱ በጋለው የጭስ ቱቦ ዙሪያ ስለሚወድቅ በማሞቂያው በኩል የተቃጠለ ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል። ከ2.5 ሊትር ላይ አንድ ሊትር መጉደል ከሌላ መኪና ይልቅ በእርሱ ላይ ይከብዳል።

ምን ያህል ፍሳሽ ሊታገሡት ይቻላል ለሚለው ጥያቄ በግምት ከመመለስ መቁጠር ይሻላል። የዘይት ጠብታ ከ25 እስከ 30 ሆኖ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየ10 ሴኮንዱ አንዲት ጠብታ የሚጥል ሞተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 3,600 ጠብታ፣ ማለት ከ120 እስከ 145 ሚሊ ሊትር ያፈሳል፤ በሳምንት አንድ ሊትር መሆኑ ነው። 3.5 ሊትር ያህል ለሚይዝ ሞተር በየጠዋቱ መለኪያውን አይቶ ለሚሞላ ሰው ይህ ሞት አይደለም። ነገር ግን ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮን፣ ወደ ቺንጋ ወይም ወደ ጋለ የጭስ ቱቦ የሚወድቅ ከሆነ መጠኑ ቢያንስም አይታለፍም፤ የመጨረሻው እሳት ያስነሣል። የውሃ ፍሳሽ ግን ከላይ በተነገረው የግፊት ምክንያት በጉለሌ ትንሽ የሚባል የለውም።

የሚጨመረው ውሃ ጉዳይም ቀርቷል። አዲስ አበባ ውሃ የሚያስቀዘቅዝ ብርድ ስለሌለ ኩላንት ትርፍ ወጪ ነው የሚሉ አሉ። የኩላንት ጥቅም ከበረዶ ማዳን ብቻ አይደለም። ዝገት የሚከለክል ቅመም አለበት፤ የመፍያውንም መጠን በግማሽ ሲደባለቅ ጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል። ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ግን ደለሉንና ጨዉን በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል፤ የዛገው ታፖም አንድ ቀን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል። በጎኑ ሊታሰብ የሚገባው ኩላንት መርዝ መሆኑ ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና ውሻ ይልሱታል፤ ስለዚህ በሰፋ ዕቃ ውስጥ ተቀብሎ በክዳን መዝጋት ይገባል። ከኮፓው የወጣው አሮጌ ዘይትም እንዲሁ በጀሪካን ይጠራቀም፤ በጋራዦቹ ደጃፍ ያለው ቦይ በክረምት ወደ ቀጨኔ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙም ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ።